የሐምሌ ልክ፣ የጥር ልክ

ክረምት ሲገባ እኛ ቤት ሁለት ነገር ያብጣል። አንዱ የእንጨት በራችን ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም በትከሻ ካልገፉት አይዘጋም። ሁለተኛው የወንድሜ ቤዝ ጊታር ነው።

እርግጥ የጊታሩን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ወንድሜ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሊጫወት ሲሄድ "እስክመለስ አደራ" ብሎ ትቶልኝ ሄደ። አደራው ቀላል መሰለኝ። ክራር ቢሆን ቆዳው ዝናብ ሲመጣ ይላላል። ይሄ ግን ድፍን እንጨት! ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ ካወጣ ወዲህ ዓለም የለመደው ዓይነት፤ ቢወድቅ የሚጎዳው ወለሉ ነው። ምን ይሆናል?

ስህተቴ አካሉን አይቼ አንገቱን መርሳቴ ነበር። አንገቱ ረጅምና ቀጭን እንጨት ነው። አራቱ ክሮች ተደምረው ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ይስቡታል። ያንን የሚመክተው አንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ነው፤ ሙዚቀኞች ትረስ ሮድ የሚሉት። እንጨቱ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ሚዛኑ ይናጋል። አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ክሩም ከፍ ይላል። በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል።

እናላችሁ፣ ሐምሌ ላይ ክሩ ከፍ ብሎ ጣቴን ሲያሳምመኝ፣ ሰፈር ካለ ጋራዥ ብሩጎላ ተውሼ ዘንጉን አጠበቅሁት። ክሩ ዝቅ አለ። ጎበዝ ነኝ አልኩ። ከዚያ ረሳሁት።

ጥር መጣ፤ የሠርግ ወር። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ገና አንደኛው ዘፈን ላይ ቤዙ መዝፈኑን ትቶ መንጣጣት ጀመረ። ክሩ ፍሬቶቹን ይመታል። እንጨቱ ደርቆ ስለጠበበ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ እጄን ይቧጭረኛል። ኪቦርዲስቱ ዞር ብሎ አየኝ። ያችን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ለቀጣዩ ሠርግ አልተጠራሁም።

ቤት ገብቼ ለወንድሜ ደወልኩ። "ሰበርኩት መሰለኝ" አልኩት፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። ዝም ብሎ ቆየና "ክረምት ላይ ነክተሃት ነበር?" አለኝ። ነገርኩት። ሳቀ።

"አንተ ሞኝ፣ አልተሰበረችም። የሐምሌ ልክ የጥር ልክ አይደለም። የኔዋም እዚህ ውጪው ወበቅ፣ ውስጡ ኤሲ ሆኖባት ታስቸግረኛለች።"

በስልክ እየመራ አስተማረኝ። አንዱን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫን። መሀል ላይ፣ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ፣ ከክሩ ሥር ቢዝነስ ካርድ የሚያሾልክ ክፍተት ይኑር። ከሌለ ዘንጉን ወደ ግራ አላላው። ክፍተቱ ከበዛ ክሮቹን ትንሽ ፈታ አድርገህ ወደ ቀኝ አጥብቀው። ግን ሩብ ዙር ብቻ! ከዚያ ቃኝተህ እስከ ነገ ጠብቅ፤ እንጨት አይቸኩልም። እምቢ ካለህ አትታገል፣ ለባለሙያ ውሰድ።

አሁን ልማድ አለኝ። ሰኔና ጥቅምት ላይ አንገቱን አያለሁ። ክረምት ላይ ከእርጥብ ግድግዳ አርቄ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶችም እጨምርበታለሁ። በጋ ላይ መስኮት ሥር ፀሐይ አላስመታውም። ስንት ሩብ ዙር፣ ወዴት፣ በየትኛው ወር እንዳዞርኩ ሳጥኑ ክዳን ላይ በለጠፍኩት ወረቀት እጽፋለሁ። ያዋረደኝ ማጥበቄ ሳይሆን መርሳቴ ነበርና።

ወንድሜ ሲመለስ ከጊታሩ በፊት ያንን ወረቀት እንደሚያነብ አውቃለሁ። ያንብበው፤ አላፍርበትም።

በሩን ግን ያው በትከሻችን እየገፋን ነው።