የቲቤርን ወንዝ ተከትሎ ሮማን መጎብኘት

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፤ ከጣርማ በር ቁልቁለት በታች፤ በይፋት ቆላ የተቀመጠች ከተማ መሆንዋን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በማሽላዋ፤ በማሾዋና በሽንኩርትዋ ትታወቃለች። ቀኑ በሐሩር ስለሚያልፍ የቤተ ሰብ ጨዋታ የሚደምቀው ከመሸ በኋላ ነው። የወንድማችን ልጅ ለዕረፍት ኮምፒዩተሩን ይዞ ስለ መጣ፤ እኛም ቀን የችሎት መዝገብ ስንገለብጥ ውለን ማታ ማታ አየር ላይ መውጣት ጀመርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ፍላይት ሲሙሌተር» የሚባለውን የበረራ ማስመሰያ መጀመሪያ ያወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ያወጣው ግን ከሳተላይትና ከአይሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን በኢንተርኔት እየሳበ ምድርን በሙሉ በፊታችን ይዘረጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን የሚያሠለጥንበት ማስመሰያ እንደ እውነተኛው የአብራሪ ክፍል ተሠርቶ በእግሮቹ ላይ የሚወዛወዝ ስለ ሆነ ከዚህ ጋራ አይነጻጸርም፤ የእኛው ለጨዋታ ነው።

ልጁ «አጎቴ፤ ወዴት እንሂድ?» ቢለን «ወደ ሮማ» አልነው። ስለ ምን ቢሉ፤ በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ከደሴ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው በዚሁ በእኛ መንገድ ነው፤ የጣርማ በርን ዋሻም የፈለፈሉት እነርሱ ናቸው። እነርሱ አገራችንን ከላይ አይተውት ነበርና፤ እኛም በተራችን የእነርሱን ለማየት ወደድን።

ከፊዩሚቺኖ ማረፊያ በአንዲት ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ተነሣን። ማረፊያው ለቲቤር ወንዝ አፍ ቅርብ ስለ ሆነ መንገድ መጠየቅ አያሻም፤ ወንዙን መከተል ብቻ ነው። ቲቤር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር የሚገባ ሲሆን፤ በከተማው መካከል እንደ እባብ ይጥመለመላል። የእኛ ሮቢ ክረምት ሲሞላ እንደ ልቡ ይወርዳል፤ ቲቤር ግን በ1863 ዓ.ም. ከተማውን ስላጥለቀለቀ፤ ከዚያ ወዲህ በግራና በቀኝ በግንብ ታስሮ ይኖራል። በመካከሉ መርከብ የምትመስል ደሴት አለች፤ ከዳር ወደ እርስዋ የሚያሻግረው የፋብሪቾ ድልድይ ከጌታ ልደት በፊት በ62 ዓመት የተሠራ ሆኖ ዛሬም እግረኛ ያልፍበታል። እዚህ ስንደርስ መብራት ጠፋብንና ቀሪውን በማግስቱ ጎበኘን።

የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጕልላት 136 ሜትር ከፍታ አለው፤ እኛ ግን ዐይናችን የፈለገው ከኋላው ያለችውን ትንሽዋን የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻን ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ ይኖሩ ከነበሩት መነኮሳት አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1548ና በ1549 ዓ.ም. በሮማ አሳትመዋል። ዳዊት የደገምን ሰዎች በመሆናችን ጣራዋን ስናገኝ ደስ አለን። ባለቤታችን ከኋላችን ቆማ ትመለከት ነበርና «ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ተሳላሚው የት ሄደ?» አለች። እውነትዋን ነው፤ በዚህ ሮማ አንድም ሰው በመንገድ አይታይም።

ከዚያ ወደ ደቡብ ዞረን የጥንት ሮማውያን ሠረገላ ይሽቀዳደሙበት የነበረውን ረጅም ሜዳ አገኘን። በጫፉ ያለው አደባባይ ፖርታ ካፔና ይባላል። በአክሱም ወድቆ ተሰብሮ የነበረውን 24 ሜትር ያህል የሚረዝም ሐውልት ኢጣልያኖች ወስደው በጥቅምት 1930 ዓ.ም. ያቆሙት በዚህ ነበረ። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ የዘረፉትን ሊመልሱ ግዴታ ገቡ፤ ሐውልቱ ግን የተመለሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። አፈጻጸሙ የዘገየ መዝገብ በሥራችን ብዙ አይተናል፤ 58 ዓመት የቆየ ግን አላጋጠመንም። ከ150 ቶን በላይ የሚመዝን ስለ ሆነ፤ ለሦስት ተከፍሎ አንቶኖቭ በተባለ ታላቅ የጭነት አይሮፕላን በሦስት ጉዞ አክሱም ገባ፤ ተተክሎም ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ተመረቀ። ልጁ በባዶው አደባባይ ላይ ሦስት ጊዜ አዞረን፤ እኛም አንድ ጊዜ ጨምር አልነው።

በመጨረሻው ማታ ልጁ ወደ ይፋት አበረረን። ተራራውና የወንዙ መውረጃ በስፍራቸው አሉ። ከተማው ግን ሌላ ነው፤ ይህ መሣሪያ በቅርብ ፎቶግራፍ ያልተነሣለትን አገር ቤቶች ከሳተላይቱ ሥዕል እየገመተ ራሱ ያቆማልና፤ በቤተ ክርስቲያናችን ስፍራ የማናውቀው ፎቅ ቆሞ አገኘን፤ ፍርድ ቤቱም የለም። ባለቤታችን ሳቀች፤ እኛ ግን አልሳቅንም። የሮማን ጎዳና በየማዕዘኑ የሚያውቅ ልጅ የእኛን ከተማ እንዲህ ሊያየው ነውን? ልጁን ብንጠይቀው፤ ልኩንና ፎቶግራፉን የያዘ ሰው ትክክለኛውን ሕንጻ ራሱ ሠርቶ ሊጨምርበት እንደሚቻል ነገረን። ከትናንት ጀምሮ ሜትር ይዞ ወጥቶአል፤ ከገበያው እስከ ድልድዩ ያሉትን ቤቶች እየለካ በደብተሩ ይጽፋል፤ የእኛን አጥር ሁለት ጊዜ ለካው።