የዛንዚባር ቪላ በአያት ዓይን

“ቪላ” የሚለው ቃል በእኛ አገር ብዙም አያስደነግጥም። ፎቅ የሌለው፣ ግቢ ያለውና ለብቻው የቆመ ቤት ሁሉ ቪላ ነው። የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች “የግል ገንዳ ያለው ቪላ” ሲሉ ግን ሌላ ነገር ማለታቸው ነው። የሳሎኑን በር ከፍተው ሲወጡ እግርዎ ሥር መዋኛ ገንዳ አለ፤ ዙሪያው በግንብ ተከልሏል፤ ከእርስዎ ቤተሰብ በቀር ማንም አይገባበትም፤ ምግብ የሚያበስልና የሚያጸዳ ሰውም ተቀጥሮለታል። እንዲህ ያለው ቤት ድሮ ለአዲስ ሙሽሮች ነበር የሚታሰበው። አሁን ግን ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውንና ሕፃናቱን አንድ ላይ ሰብስበው ይዘው ይሄዳሉ። ዛንዚባር ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሆነች ለብዙዎቹ የምትቀርባቸው እርሷ ናት።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ተራው ለእኔም ደረሰኝ። አሜሪካ የሚኖረው ልጄ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ መጣ። “እማዬ፣ ዘንድሮስ ለሚ ብርድ ላይ አናስቀምጥሽም” አለና አዲስ አበባ ያለችውን ታናሽ እኅቱን ጨምሮ ስድስት ሆነን ለሰባት ሌሊት ሄድን። ያረፍነው በደሴቱ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ በሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ለሚ ላይ እስከ ዛሬ “ሲስተር” ነው የምባለው። ቤቱንም ያየሁት በአያትም በነርስም ዓይን ነው።

ቤቱ ያምራል። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ጣሪያው በኮኮናት ዛፍ ቅጠል ስለተከደነ የእኛን የሣር ቤት ያስታውሳል። ገንዳው ከሳሎኑ በር አምስት እርምጃ አይርቅም። ርዝመቱ ስምንት ሜትር፣ ወርዱ አራት፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ከአርባ ነው ብለው ነገሩን። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ወደ 45 ሺሕ ሊትር ይይዛል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 2,240 ጀሪካን ማለት ነው። አንዲት እናት በቀን አራት ጀሪካን ብትቀዳ አንድ ዓመት ተኩል ያመላልሳታል። ይህን ስናገር ምራቴ ሣቀች። በማግስቱ ግን ልጆቹ የሻወሩን ቧንቧ ከፍተው ሲጫወቱ ሮጣ የዘጋችው እርሷው ናት።

ጠባቂ የሌለው ውኃ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በትልልቅ ሆቴሎች ገንዳ ዳር ብዙ ጊዜ ዋና የሚችል ጠባቂ ይቆማል። የግል ገንዳ ላይ ግን ማንም የለም፤ ጠባቂዎቹ እኛው ነን። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300 ሺሕ ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሩብ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው።

የለሚ ሰው ውኃ የሚፈራው በክረምት ነው። ጀማ ሲሞላ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ እረኛውም መንገደኛውም ሰምቶ ይሸሻል። ገንዳ ግን ድምፅ የለውም። ሕፃን ልጅም ሲሰጥም ፊልም ላይ እንደምናየው አይጮኽም፣ እጁን አያውለበልብም። ለመጮኽ አስቀድሞ መተንፈስ ያስፈልጋል፤ አፉ ውኃ ውስጥ ከሆነ ድምፅ ከየት ይመጣል? ነገሩ የሚያልቀው በደቂቃዎች ነው፤ ብዙ ጊዜም አዋቂዎች በአጠገቡ እያሉ ነው። “ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል” የሚባለው በከንቱ አይደለም።

በመጀመሪያው ማታ ቤቱን ዞሬ አየሁት። ገንዳው የራሱ አጥር የለውም። ሕፃናት ባሉበት ቤት ገንዳ በአራቱም በኩል ቢያንስ አንድ ሜትር ከሃያ በሆነ አጥር መከለል፣ በሩም በራሱ የሚዘጋ መሆን ይገባዋል። በዚያ ላይ የሳሎኑ ተንሸራታች በር መዝጊያው የሦስት ዓመት ልጅ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ለልጄ ነገርኩት፤ ሁለቱን ትልልቅ ሻንጣዎች በሩ ላይ ገተርናቸው። ከአሜሪካ የመጣ ሕፃን የሰዓቱ ልዩነት እንቅልፉን ስለሚያዛባው ሌሊት ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ የሻንጣ መንሸራተት ሰማሁ። ትንሹ የልጅ ልጄ ብቻውን ተነሥቶ፣ በአየር የሚነፋውን የክንድ መዋኛውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ሻንጣውን ይገፋል። “እማማ፣ ዋና!” አለኝ ደስ ብሎት። ቤቱ ሁሉ ተኝቷል። ወደ አልጋዬ ወስጄ አቀፍኩት፤ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቁርስ ላይ ሁሉንም ሰብስቤ ደንብ አወጣሁ።

በሕክምና ሥራ ፈረቃ ስንቀያየር በሽተኛውን በቃል እንረካከባለን። ተረኛው ሳይተካ ከክፍሉ አይወጣም። ያንኑ ወደ ገንዳው አመጣሁት። ከመንደሩ ሱቅ አንድ የሰሌን ባርኔጣ ገዛን። ባርኔጣውን ያደረገ ሰው ሥራው ልጆቹን ማየት ብቻ ነው፤ ስልክ አይነካም፣ አያነብም፣ ቡና አያፈላም። ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላው “ተረክበሃል?” ይላል፤ ተቀባዩ “ተረክቤያለሁ” ሳይል ባርኔጣው ከራሱ አይወርድም። ገንዳ ዳር አራት አዋቂ ሲኖር አራቱም ሌላው ያያል ብለው ያስባሉ፤ ባርኔጣው ያንን ያስቀራል። ልጄ አንድ ጊዜ ስልኩ ሲጮኽ ባርኔጣውን ለሰባት ዓመቷ ልጁ ደፋላትና ሊነሣ ሲል “እርሷ ራሷ የምትጠበቅ ናት” ብዬ መለስኩት። የክንድ መዋኛውም ቢሆን መጫወቻ ነው፤ ይተነፍሳል፣ ይወልቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለዛንዚባርም፣ ለቢሾፍቱም፣ ለጀማም ይሠራል። ከውኃ የወጣ ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ ዘቅዝቆ መያዝና ሆዱን መጫን አይጠቅምም፤ ጊዜ ያባክናል፣ ትውከትም ወደ ሳንባው ሊያስገባ ይችላል። በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ መጀመሪያ አምስት ጊዜ ትንፋሽ መስጠት ነው። ለውጥ ከሌለ ደረቱን መሃል ላይ ሠላሳ ጊዜ ፈጠን አድርጎ መጫን፣ ከዚያ ሁለት ትንፋሽ፤ እየደጋገሙ እርዳታ እስኪደርስ አለማቋረጥ። ሌላ ሰው ካለ በዚሁ መሃል እርዳታ ይጥራ። ልጁ ቢነቃም እንኳ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ግንቡ የሰጠኝ ነገር

ግንቡ ለእኔ የሰጠኝ ደግሞ አለ። ስልሳ አራት ዓመት ሲሞላኝ ከጉልበቴ በላይ ውኃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ባሕር ዳር ነጠላዬን ጥዬ እንደማልገባም አውቃለሁ። እዚያ ግን የሚያየኝ ልጆቼ ብቻ ናቸው። ልጄ ረጅም ሱሪና ቲሸርት ሰጠችኝ፤ በደረጃው ቀስ ብዬ ወረድኩ። ለዓመታት ያስቸገረኝ የጉልበቴ ሕመም ውኃው ደረቴ ሲደርስ ቀለለኝ። ውኃ የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም መገጣጠሚያ ለሚያማቸው ሰዎች ውኃ ውስጥ መራመድ ጥሩ እንቅስቃሴ ነው፤ ይህን ለበሽተኞቼ ስናገር የኖርኩት ከመጽሐፍ አንብቤ ነበር።

በአራተኛው ቀን ልጄ እጁን ከጀርባዬ ሥር አድርጎ “እማዬ፣ ራስሽን ልቀቂ፤ ይዤሻለሁ” አለኝ። በሳፋ ያጠብኩት ልጅ ነው። ለቀቅኩ። ጆሮዬ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዝም አለ፤ ሰማዩን አየሁ።

ከግንቡ ውጭ ሳይወጡ የሚመለሱ እንግዶችም አሉ። ያሳዝናሉ። በጃምቢያኒ በኩል ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ይቀራሉ። ያኔ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ወደ ውስጥ ይገቡና በገመድ ላይ ያሰሩትን የባሕር አረም ይሰበስባሉ። አረሙ ውጭ አገር ተልኮ ለጥርስ ሳሙናና ለቅባት መሥሪያ ይውላል። ጎንበስ ብለው ሲሠሩ ሳይ የእኛን አራሚዎች አስታወሱኝ። የመንደሩ ልጆች ትልቅ ሰው ሲያዩ “ሺካሞ” ይላሉ፤ ለታላቅ ብቻ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። መልሱ “ማራሃባ” ነው። የልጅ ልጆቼም ለመዱት፤ ጠዋት ጠዋት “ሺካሞ እማማ!” እያሉ ይቀሰቅሱኝ ነበር።

ሰዓታቸውም እንደ እኛው ነው፤ ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። ምግብ አብሳዩ “ቁርስ ሳ ምቢሊ” ሲል ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ ልጄ ስምንት ሰዓት መስሎት ሲደናገጥ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ቢሆንም አልተቸገርኩም፤ ባቄላው በኮኮናት ወተት ይሠራል፣ ሩዙ፣ ጎመኑና ካሳቫውም የጾም ነው።

አንድ ቀን ስቶን ታውን ሄድን። እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች አሮጌ ከተማ ናት። እስከ 1873 ድረስ ሰው የሚሸጥበት ገበያ በነበረበት ቦታ ዛሬ ካቴድራል ቆሟል። በእንግሊዝኛ ሲያስጎበኙን ስለ እኛ ሰዎች አሰብኩ። የሱልጣኑ ልጅ ሳልማ፣ በኋላ ኤሚሊ ሩኤተ የተባለችው፣ በ1886 ባሳተመችው ማስታወሻዋ በአባቷ ቤተ መንግሥት ስለነበሩ የሐበሻ ሴቶች ጽፋለች። በመርከብ ተጭነው የመጡ የሰው ልጆች ናቸው። የሰባት ዓመቷ ልጅ “እማማ፣ እናቶቻቸው ፈለጓቸው?” ብላ ጠየቀችኝ። “እንዴት አይፈልጓቸው” አልኳት። ገንዳ ዳር ብቻ ብንቀመጥ ይህን አትጠይቀኝም ነበር።

ለሚሄዱ አያቶች

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ታንዛኒያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ይሠራል። ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስድ ሰው ግን ጉዳቱ ከወጣቶች ይልቅ ስለሚያሰጋው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ወባ በደሴቱ በጣም ቢቀንስም አልጠፋም፤ አጎበሩን ዘርግተው ይተኙ። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚዎች የግዴታ ኢንሹራንስ እንዲገዙ ታደርጋለች፤ ሲጀመር ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር ነበር።

መድኃኒትዎን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ኢንሱሊን በምንም ምክንያት ወደ ዕቃ መጫኛው አይግባ። ከደጋ ወርደው ሙቀት ውስጥ ሲገቡ ውኃ አብዝተው ይጠጡ። የሚያሸና የደም ግፊት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ከመሄድዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ። የስኳር ሕመምተኛ በባዶ እግሩ ባሕር ውስጥ አይግባ፤ ድንጋዩም እሾሃማው የባሕር እንስሳም ያቆስላል። ገንዳ ዳር ያለው ሴራሚክ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ በእኛ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ቀላል ነገር አይደለም።

ልጆችዎ ቤቱን ከመያዛቸው በፊት ሦስት ነገር ያስጠይቁ። ገንዳው አጥር አለው ወይ? ዋጋው ለቤቱ በሙሉ ነው ወይስ በሰው? ቅርብ ያለው ሐኪም ቤት በመኪና ስንት ደቂቃ ይወስዳል? መልስ የማይሰጥ ቤት ይለፋችሁ።

ዋጋው ውድ ነው፤ በዶላር ስለሚከፈል ደግሞ ወደ ብር ሲመነዘር ያስደነግጣል። ለሚ ላይ ጎረቤቶቼ “ያን ያህል ገንዘብ ያስወጣል ወይ?” ብለው ጠይቀውኛል። ደስ ያሰኘኝን ስቆጥረው አብዛኛው ስድስታችንም አንድ ጣሪያ ሥር ለሰባት ሌሊት ማደራችን ነው። ያ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳርም፣ እዚሁ ቤቴም ይገኛል። አንዱ ግን እዚያ ብቻ ነው የሆነልኝ፤ ውኃ ላይ መንሳፈፌ። የልጁ ገንዘብ ነው፤ አቅሙ ከፈቀደለትና ዕዳ ካልገባበት ይሂድ እላለሁ።

የሰሌኑ ባርኔጣ አሁን አሜሪካ ነው። ልጄ ሳሎኑ በር አጠገብ ሰቅሎት ፎቶ ልኮልኛል። እዚያም በበጋ ሰፈሩ ውስጥ ገንዳ ስለሚከፈት፣ ጎረቤቶቻቸው ሳይቀሩ “ተረክበሃል?” ማለት ለምደዋል አለኝ።