የበርታ መንገድ

እማዬ፣

አባባ «ማርቸዲስ ከሚሠራበት አገር ከደረስክ ስለ ሞተሩ አንድ በአንድ ጻፍልኝ» ብሎኝ ነበር። ለእሱ ለብቻው ጽፌለታለሁ። ይህኛው ላንቺ ነው።

ትናንት ሽቱትጋርት፣ የፋብሪካው ሙዚየም ውስጥ ዋልኩ። ሰውን በአሳንሰር ሽቅብ ያወጡትና ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ላይ መጀመሪያ የሚታየው ፈረስ ነው፤ ቀጥሎ ካርል ቤንዝ በ1886 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት ባለሦስት ጎማ መኪና አለ። እዚያ ቆሜ ቀረሁ።

ካርል እጁ ብልህ ነው እንጂ ገንዘብ አልነበረውም። የሸሪኩን ድርሻ ገዝቶ ወርክሾፑን ለብቻው እንዲይዝ ያደረገችው እጮኛው በርታ ናት፤ ወላጆቿ ለጋብቻዋ ያሰቡትን ገንዘብ ገና ሳታገባ አስወጥታ። መኪናው ከተሠራ በኋላም ገዢ ጠፋ። በ1888 ነሐሴ ላይ በርታ ለባሏ ሳትነግር ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እናቷ አገር ፕፎርትስሃይም ድረስ ነዳችው። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያልፋል! የነዳጅ ቱቦው ሲደፈን በኮፍያዋ መርፌ ከፈተችው። አቀበቱን ልጆቹ ገፉ። ፍሬኑ ሲያልቅ በጫማ ሰፊ ቆዳ አስመታችበት፤ እንግዲህ የፍሬን ሸራ የምንለው መሆኑ ነው፣ ለአባባ ንገሪው። ስትመለስ አቀበት የሚያወጣ ማርሽ እንዲጨምርበት ለባሏ ነገረችው፤ ጨመረ።

ዛሬ ጠዋት በባቡር ቪስሎኽ ወርጄ ነዳጅ የገዛችበትን ፋርማሲ አየሁት። ያን ጊዜ ማደያ የሚባል ነገር የለም፤ ለልብስ ማጽጃ የሚሸጠውን ፈሳሽ ነው የቀዳችው።

«መርሴዲስ» ራሱ የሴት ልጅ ስም ነው። ዳይምለር የተባለውን የሌላ ፋብሪካ መኪናዎች ይሸጥ የነበረው ኤሚል የሊኔክ በ1900 ባንዴ 36 መኪና አዝዞ በልጁ ስም አስጠራቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኑሮ ሲከብድ ዳይምለርና ቤንዝ በ1926 ተዋሃዱ። አሁን በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን መኪና ይሸጣሉ፤ ትልቁ ገበያቸው ቻይና ነው፤ ከአክሲዮኑም ወደ 20 ከመቶ የሚሆነው በቻይናውያን እጅ ነው።

አንድ ነገር አልደብቅሽም። በሂትለር ዘመን ይህ ፋብሪካ ሰው በግዳጅ አሠርቷል፤ በ1944 ከሠራተኞቹ ግማሽ የሚጠጋው ምርኮኛ፣ የማጎሪያ ካምፕ እስረኛና ከአገሩ ተግዞ የመጣ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ የሚያብለጨልጩትን መኪኖች እንደ መጀመሪያው ማየት አልቻልኩም።

ከፋርማሲው ደጃፍ ቆሜ ግን ያሰብኩት አንቺን ነው። አባባ ጋራዡን ሲከፍት የሸጥሽው የወርቅ አምባር ስንት ግራም ነበር? እስከዛሬ ጠይቄሽ አላውቅም። ስትጽፊልኝ ንገሪኝ።

ልጅሽ