ስፌቱ ይታያል

«ያን ያህል ዕድሜ ያለው ወንድ ጥፍር ቤት ምን ሊሠራ ገባ?» እንዳትሉኝ፤ ተገድጄ ነው። ልጄ ልትዳር አራት ቀን ሲቀራት መኪናዋ ጋራዥ ገባች። እናቷ ከድግሱ ሽንኩርት ጋር ግብግብ ይዛለች። እናም ሹፌርነቱ ለእኔ ደረሰ። «አባዬ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው» አለችኝ። ሴት ልጅ የውበት ነገር ይዛ «አንድ ሰዓት» ስትል ስንት ሰዓት ማለት እንደሆነ ትዳር የያዛችሁ ታውቁታላችሁ።

ቤቱ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጋዜጣዬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይላል። ከየጠረጴዛው «ክር ክር» የሚል የሞረድ ድምፅ ይሰማል።

እውነቱን ለመናገር ንቀት ይዤ ነው የገባሁት። እናቴ በክረምት የእንሶስላ ሥር ቀጥቅጣ እጅና እግሯን ትቀባ ነበር። ቀለሙ ከጥፍሯ ጋር አብሮ ያድግና በመቀስ እየተቆረጠ ያልቃል። ያ የእኛ ነው፤ ይሄ የተለጠፈው ፕላስቲክ ደግሞ የሰው ነው እላለሁ በሆዴ። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው «ይሄ የእኛ፣ ያ የሰው» ብሎ መመደብ ይወዳል፤ ከእንጀራው የመጣ አመል ነው።

ልጄን የምትሠራት ሴት አርባዎቹን አጋምሳለች። በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችኝና፣

«መምህር!» አለች።

አላወቅኳትም። በ1994 ዓ.ም. የመመረቂያ ጽሑፏን ያማከርኳት ተማሪዬ ነበረች።

«እርስዎ ባያስታውሱኝም እኔ ቀይ እስክሪብቶዎን አልረሳሁትም» ብላ ሳቀች። ልጄም ሳቀች። እኔም ለወጉ ያህል ሳቅኩ።

«ጋዜጣውን ተዉትና ቀረብ ብለው ይዩ እንጂ» አለችኝ። ወንበሬን ስቤ ተጠጋሁ።

መጀመሪያ የልጄን ጥፍር አጽድታ በለስላሳ ሞረድ ወዙን ብቻ ገፈፍ አደረገችው። ቀጥላ በቁጥር ከተደረደሩት ፕላስቲኮች፣ ቲፕ ነው የሚሏቸው፣ አንዱን እያነሳች ትለካለች። ቲፑ ከጥፍሩ ግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ መድረስ አለበት። ልክ ካልተገኘ ሰፋ ያለው ተወስዶ ጎንና ጎኑ ይሞረዳል እንጂ ጠባቡ በግድ አይተኛም። ከዚያ ከቲፑ ሥር ባለችው ስስ እርከን ላይ ሙጫ ጠብ አድርጋ፣ ከጥፍሩ ጫፍ ጋር በሰያፍ አነካክታ ቀስ ብላ አስተኛችው። ጫን አድርጋ ይዛም እስከ አሥር ቆጠረች።

«ለምን በሰያፍ?» አልኩ።

«አየሩ እንዲወጣ። አየር ከቀረበት ውኃ ይገባበታል፤ ውኃ ከገባ ተህዋስ ያፈራና ጥፍሩ አረንጓዴ ይሆናል። ላዩ እያማረ ውስጡ ይበላሻል።»

አሁን የልጄ ጥፍር ረዝሟል፤ ነገር ግን መሐሉ ላይ አንድ መስመር ተጋድሟል። ፕላስቲኩ የሚያበቃበት፣ ጥፍሩ የሚጀምርበት እርከን ነው። በጣት ሲነኩት እንደ ደረጃ ያደናቅፋል።

«ሥራው ገና አሁን ነው» አለች። ባለ 180 ሞረድ አነሳችና ለጥ አድርጋ ይዛ ወዲያና ወዲህ ማስኬድ ጀመረች። መስመሩ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ጥላ መሰለ፣ ከዚያ ጠፋ።

«እዚያው መስመሩ ላይ ጫን ብትይበት አይፈጥንም?»

«የጀማሪ ሁሉ ስህተት እሱ ነው፣ መምህር። መስመሩን ላጥፋ ብዬ እዚያው ላይ ከተጫንኩ ሞረዱ ፕላስቲኩን አልፎ የልጅዎን ጥፍር ይበላል። ጥፍር ደግሞ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሚሞረደው የተለጠፈው ነው። የራሷ አይነካም።»

ይህን ስትል ዓይኗን ጨፍና አውራ ጣቷን በልጄ ጥፍር ላይ አሳለፈች። መጋጠሚያው መጥፋቱን የምታውቀው በዓይኗ ሳይሆን በእጇ ነው። ሁለተኛውን ጣት ያዘች።

«መምህር፣ የእኔ ወረቀት ላይ ምን ብለው እንደጻፉ ያስታውሳሉ? ‹ስፌቱ ይታያል›።»

ደነገጥኩ። የምወዳት አስተያየት ነበረች፤ ስንቱ ወረቀት ላይ እንደጻፍኳት እግዜር ይወቀው። ተማሪዎቹ ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት የሐያሲ ቃል ይተረጉሙና ከራሳቸው ጽሑፍ መሐል ይለጥፋሉ። መጋጠሚያው ያደናቅፋል። እኔ በቀይ «ስፌቱ ይታያል» ብዬ ወደሚቀጥለው ወረቀት አልፋለሁ።

የእሷ ጥናት በሙሾ ላይ ነበር። አያቷ መንዝ ውስጥ የታወቁ አልቃሽ ነበሩ፤ ድምፃቸውን በካሴት ቀድታ፣ ንግግራቸውን እንዳለ አስፍራ ነበር ያመጣችው።

«ቢሮዎ መጥቼ ‹ታዲያ እንዴት ላስተካክለው?› ስልዎት፣ ‹የራስሽን ቀንሺ፣ መንደርኛ በዝቶበታል› አሉኝ። ቀነስኩ። የአያቴን አወጣሁ፣ የፈረንጆቹን ተውኩ። ቢ ፕላስ ሰጡኝ።»

ሞረዱ አልቆመም። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ወረቀቱ ቤቴ አለ። አያቴ ያለችው አንድ ቃል የለበትም። እሷ በ1996 አረፈች። ካሴቱን ወንድሜ ዘፈን ቀዳበት። በወረቀት ያለ መስሎኝ ግድ አልሰጠኝም ነበር።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ተማሪ ይቅርታ የጠየቅኩት አርፍጄ ስገባ ብቻ ነው። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሰው መሰለኝ። እሷ «ተዉ እንጂ፣ መምህር» ብላ ሦስተኛውን ጣት ያዘች።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ጥፍር ሳነብ አመሸሁ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1954 አንድ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ጥፍሩ ቢሰበርበት በጥርስ መሥሪያው አክሪሊክ ጠገነው፤ ዛሬ የምናየው የአክሪሊክ ጥፍር ታሪክ ሲነገር ከዚያ ነው የሚነሳው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሜቲል ሜታክሪሌት በሚባል ፈሳሽ የተሠሩ የጥፍር ምርቶችን ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተከላክሏል። ጥፍራችንን አበላሸው፣ ቆዳችንን አስቆጣው ያሉ ሰዎች በዝተው ነበር።

እንግዲህ መቀጠል ነውር አይደለም። እኔም የበላሁት እንጀራ በተቀጠለ ዕውቀት የተጋገረ ነው። ጥያቄው መጋጠሚያውን ለማጥፋት የሚሞረደው የትኛው ነው ነው። ልጆቻቸው እንግሊዝኛ እንዲቀናቸው ብለው ቤት ውስጥ አማርኛ የከለከሉ ወላጆች አውቃለሁ። የልጁ አነጋገር ልስልስ ብሏል፤ መስመር የለውም። ከአያቱ ጋር ግን በአስተርጓሚ ነው የሚያወራው። እነሱን ስወቅስ የኖርኩት ሰውዬ እኮ እዚያው መሥሪያ ቤት ነበርኩ! ያውም በቀይ እስክሪብቶ፣ ያውም በደመወዝ።

ያን ዕለት ልንወጣ ስንል አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር።

«ጥፍሩ በስህተት ቢሞረድና ቢሳሳ፣ ይመለሳል?»

«ይመለሳል። በወር ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል። ከሥሩ እስከ ጫፉ አዲስ እስኪሆን ስድስት ወር ነው። እስከዚያ ሌላ ሳይለጥፉበት መታገሥ ነው።»

«የአያትሽንስ ሙሾ፣ የምታስታውሺው አለ?»

መነጽሯን አወለቀች። «ጫፍ ጫፉን» አለች። «ሰኞ ሰኞ ሥራ ይቀዘቅዛል።»

ሠርጉ አማረ። ልጄ በእነዚያ ጥፍሮቿ ስታጎርሰኝ መጋጠሚያውን ፈልጌ አጣሁት። «አባዬ፣ ጉረስ እንጂ ምን ታያለህ?» አለችኝ።

ያለፈው ሰኞ ደብተር ይዤ ሄጄ ነበር። ደንበኛ እስኪመጣ እሷ ትላለች፣ እኔ እጽፋለሁ። በሁለት ሰዓት አራት ስንኝ ተገኘ። አንዱ ስንኝ ላይ የማላውቀው፣ የመንዝ ሳይሆን አይቀርም፣ አንድ ቃል መጣ። «ይሄ እንኳ እንዲህ ቢባል...» ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እንዳለችው ጻፍኩት።

እስክሪብቶው ሰማያዊ ነበር።