በአራት ሲዲ አሥመራ

በ1997 ዓ.ም ክረምት አንድ ጓደኛዬ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2004ን በአራት ሲዲ ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ሲዲ ሳስገባ፣ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር የነበረው አባቴ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ይህ ልማዱ አልነበረም፤ ኮምፒዩተሬን «የሥራ ፈት ሳጥን» ነበር የሚለው።

«እውነተኛ አገሮች አሉበት?»

«የዓለም ካርታ በሙሉ አለበት፣ አባዬ።»

«አሥመራስ?»

እጄ ማውዙ ላይ እንዳለ ቀረ። ታናሽ እህቱ አሥመራ ነበረች። በ1990 ዓ.ም ጦርነቱ ሲነሣ በረራው ቆመ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ተቆረጠ። ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን አልሰማም።

መጫኑ ቀላል አልሆነም። ፕሮግራሙ 1.8 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ የእኔ ሃርድ ዲስክ ደግሞ እስከ አፉ ሞልቷል። ዘፈኖቼን አንድ በአንድ አጠፋሁ። ሁለተኛው ሲዲ ጭረት ነበረበትና ማንበቢያው እያጉረመረመ ቆመ፤ አባቴ በጋቢው ጫፍ ወለወለው። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። ሲመጣ እንደገና «ሀ» ብለን ጀመርን። ተማሪዎቹን በትዕግሥት ማጣት ያስፈራ የነበረ ሰው፣ ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልተነጫነጨም።

ዲሲ-3ን የመረጠው እርሱ ነው። «የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የዚህ ወንድም በሆነው በሲ-47 ነው፤ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ» አለ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ ሁሉ።

ከቦሌ ተነሣን። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነውና አውሮፕላኑ ከመሬት የተላቀቀው ማኮብኮቢያው ሊያልቅ ሲል ነበር።

«ወደ ግራ ዙር፤ ከዚያ ቀጥ ብለህ ወደ ሰሜን። ሁለቱ ከተሞች ያሉት በአንድ ኬንትሮስ ላይ ነው ማለት ይቻላል።»

ጉዞው 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፕሮግራሙ ጊዜን ማፋጠን ይችላል፤ አባቴ ግን «ተው፣ በሰዓቱ እንድረስ» አለኝ። ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። መረብን ስንሻገር ማንም ወረቀት አልጠየቀንም።

የአሥመራ ማኮብኮቢያ ከፊታችን ታየ። ለማረፍ ስዘጋጅ ክንዴን ያዘኝ።

«አታሳርፈው። ካረፍን በኋላ የት አገኛታለሁ? እንዲሁ ዙርበት።»

እስኪመሽ ዞርን።

በረራው በሐምሌ 2010 ዓ.ም ሲቀጠል አባቴ በሕይወት አልነበረም። አክስቴ መጣች፤ ከእርሱ ያገኘችው መቃብሩን ነው። በ2016 ዓ.ም መስመሩ እንደገና ተቋረጠ።

የዛሬው ኮምፒዩተሬ የሲዲ ማንበቢያ የለውም። አራቱን ሲዲዎች ግን አልጣልኳቸውም፤ ሁለተኛው ላይ የጋቢ ክር ተጣብቆበታል።