አዋሽን ሳልጠይቀው

አባቴ ከሞተ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንኳን ዐረፈ፤ ብዙ ተሠቃየ» ይለኛል። እውነት ነው፣ ተሠቃይቷል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በሽታው አንደበቱን የፈታለት ወራት ነበሩ፤ እነሱን በከንቱ አሳለፍኳቸው።

ሥራው ወለንጪቲ ላይ ነበር፣ የምድር ባቡር የሐዲድ ሠራተኛ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባውን ሐዲድ፣ በቦሰት ተራራ ሥር በዚያ ሐሩር ብሎን እያጠበቀና ጠጠር እየሞላ ዕድሜውን ጨረሰበት። ስለ ሥራው ሲጠየቅ «ሐዲድ ነው፤ ምን ወሬ አለው?» ብሎ ይዘጋዋል። ዝም ያለ ሰው ነበር።

መጀመሪያ የጡረታ ደብተሩን ያስቀመጠበት ጠፋው፤ ቀጥሎ የልጅ ልጁ ስም። «ጃጀ» አልን። ዘመድ ጠበል አለ፣ እኔ ቫይታሚን ገዛሁ። አልዛይመር መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ይህ በሽታ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን ሂፖካምፐስ የተባለውን የአንጎል ክፍል ነው። የዛሬ ቁርስ ይጠፋል፤ የወጣትነት ዘመን ግን ከነድምፁና ከነሽታው ገና ይቆያል። እሱም በተራው ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ለእኛ የተሰጠን ነበር።

አባቴ በዚያ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ካፖርቱን ይለብሳል። «ባቡሩ ሊገባ ነው!» እኛ በሩን ይዘን «አባዬ፣ ጣቢያው ተዘግቷል፤ ባቡር የለም» እንለዋለን። «ማን ዘጋው?» ይልና ፊቱ ይጨልማል። በማግሥቱ ያንኑ መርዶ እንደ አዲስ እንነግረዋለን። ማረም መልካም መስሎን ነበር! «ከየት የሚመጣው ባቡር ነው? ምን ጭኗል? ተረኛው ማነው?» ብንለው ተቀምጦ ያወራን ነበር። በየማለዳው እኮ ወሬውን ይዞ ነበር የሚነሣው።

አንድ ምሽት ስለ አዋሽ ጀመረ። በጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረው ባቡር አዋሽ አጠገብ ኩርባው ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደርሶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። አባቴ ለእርዳታ ከተላኩት ሠራተኞች ጋር እንደ ነበረ ከእናቴ ሰምተናል፤ ከእሱ አፍ ግን አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም። ያን ምሽት ቃሉ ሳይደናቀፍ «ፉርጎዎቹ ተደራርበዋል፤ ከሥር ድምፅ ይሰማል፤ እኔ ልውረድ አልኩ» አለኝ። እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ፈራሁ። «ተወው አባዬ፣ አልፏል» ብዬ ሻይ አቀበልኩት፤ ቴሌቪዥኑንም ከፍ አደረግሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። የልጄን ልደት ሙሉውን የቀዳሁበት ስልክ።

ከዚያ በኋላ አማርኛው ተለየው። የቀረለት የእናቱ ኦሮምኛ ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ ከሕፃንነቴ አዳማ እናቴ ዘመዶች ዘንድ ተልኬ በአማርኛ ያደግሁ ነኝ፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ስጠይቀው እንደ እንግዳ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፤ የሚመልስለት አክስቴ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከዚህ ዓይነት በሽታ ጋር የሚኖረው ሰው 57 ሚሊዮን ነበር፤ ከስድሳ በመቶ በላዩ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በእኛ አገር ያ ሁሉ ሸክም የሚወድቀው እንደ አክስቴ ባለ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። እሷ አጠበችው፣ አጎረሰችው፣ አወራችው። እኔ ገንዘብ ላክሁ።

ለቅሶው ላይ ከእሱ ጋር የሠሩ አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀመጡና «አዋሽ አብረን ነበርን» አሉኝ። ይንገሩኝ አልኳቸው፤ ለመንኳቸው። «እኔ ላይ ሆኜ ገመድ ነበር የምይዘው፣ ልጄ። የወረደው አባትህ ነው። እዚያ ታች ያየውን የሚያውቀው እሱ ነው።»

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ አክስቴን፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ምን ይል እንደ ነበር ጠየቅኳት።

«‹ልጅቷን ማን ወሰዳት?› እያለ ይጠይቀኝ ነበር» አለችኝ። «ያንተን ልጅ መስሎኝ፣ ትምህርት ቤት ናት እለዋለሁ። ዝም ይልና ተመልሶ ይጠይቀኛል።»

የትኛዋን ልጅ ነበር? ከፉርጎው ሥር ያወጣት ነበረች? ተርፋ ይሆን? ከእጁ የተቀበላትስ ማን ነው? ያን ምሽት ሻዩን ትቼ «ከዚያስ፣ አባዬ?» ብለው ኖሮ ይነግረኝ ነበር።