ሁለተኛው ወረቀት

ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግራት የኖርኩትን ምኞት ዛሬ ልናገር፤ የአማራ ክልል ምክር ቤት አባል ሆኜ የፎገራ ወረዳን መወከል እፈልጋለሁ። ወረታ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው የማስተምር ሰው ነኝ። ዕድሜ ሲገፋ ምኞቱ ይበርዳል ብዬ ነበር፤ አልበረደም። የምመኘው ሥራ ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ግን ከጎለመስኩ በኋላ ነው። ያስተማሩኝም የጉማራ ወንዝ ዳር ገበሬዎች ናቸው።

ጠቅላላ ምርጫ ሲደርስ መራጭ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለተኛው ለክልል ምክር ቤት። ወሬው ሁሉ ስለ መጀመሪያው ነው። በ1997 በየሻይ ቤቱ በምርጫ ምልክት ንብ ወይስ ሁለት ጣት እየተባለ ሲከራከሩ የሰማሁት ሁሉ አራት ኪሎን ማን ይይዛል የሚል ነበር። ባሕር ዳር ላይ ከ294 የክልል ምክር ቤት መቀመጫ 106ቱን ተቃዋሚው ቅንጅት ማግኘቱን አንስቶ የሚጨዋወት ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። በ2002ም በ2007ም 294ቱ መቀመጫ በሙሉ የገዥው ድርጅት ሲሆን፣ ያንንም ቢሆን በጥሞና ያየው ጥቂት ሰው ነው።

እኔን ያነቃኝ አንድ የመራጮች ስብሰባ ነው። ክረምቱ እንደወጣ፣ ጉማራ ገንፍሎ ከወንዙ ዳር ያለውን ማሳ ደለል ባለበሰበት ዓመት፣ የክልል ተወካያችን ቀበሌ አዳራሽ መጥቶ ነበር። ሰዉ ተራ በተራ እየተነሣ መንገዱን፣ የመጠጥ ውሃውን፣ የማዳበሪያውን ዋጋ ተናገረ። ተወካዩ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል፤ ደጋግሞም «ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ» ይላል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። እግራቸው ላይ የደረቀው የሩዝ ማሳ ጭቃ ገና አልለቀቀም።

«ልጄ፣ ሐምሌ ላይ በጀቱ ሲጸድቅ እጅህን አውጥተሃል?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እጅህን ስታወጣ፣ ይህን ወንዝ ለመገደቢያ ስንት ብር እንደተያዘ አይተህ ነበር?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ተወካዩ ደብተሩን ገለጠ፣ መልሶ ከደነው። «ዝርዝሩን ይዤ አልመጣሁም» አለ። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ሊያሳፍሩትም አልፈለጉም። «እንግዲያው ስትመለስ ይዘህልን ና፤ ያልተያዘም እንደሆነ ያልተያዘ ነው በለን፣ አብረን እናየዋለን» ብለው ተቀመጡ።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሕገ መንግሥቱን ለተማሪ ሳስረዳ ስንት ጊዜ ያነበብኩት አንቀጽ 50፣ የክልል ምክር ቤት ተጠሪነቱ ለወከለው ሕዝብ ነው የሚለው፣ በአንድ ገበሬ ጥያቄ ሥጋ ለብሶ አየሁት። ሽማግሌው የጠየቁት ቸርነት አይደለም። በእርሳቸው ስም የወጣ እጅ ምን እንዳጸደቀ ነው የጠየቁት።

ከዚያ ወዲህ በፎገራ የማየውን ነገር ሁሉ የማን ሥልጣን ነው እያልኩ መለየት ጀመርኩ። ወረታን ከደብረ ታቦርና ከወልድያ የሚያገናኘው አውራ ጎዳና፣ የርብ ግድብ፣ ከተማችን ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል፣ ደረቅ ወደቡም ጭምር የፌዴራል መንግሥት ሥራ ናቸው። ገበሬው በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጠው የመሬት ደብተር ግን መነሻው ባሕር ዳር ነው። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 133/1998ን፣ ኋላም እርሱን የተካውን አዋጅ ቁጥር 252/2009ን ያወጣው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ አባት ለልጁ መሬት ሲያወርስ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በድንበር ሲካሰስ የሚገለጠው ሕግ ይኸው ነው። ሩዝ በገባበት በዚህ ሜዳ መሬት ምን ያህል እንደተወደደ ለሚያውቅ ሰው፣ ከዚህ የሚበልጥ ሕግ አይኖርም። ወረዳው ለመምህር፣ ለጤና ባለሙያ፣ ለግብርና ባለሙያ የሚከፍለው ደመወዝም በአብዛኛው ከክልሉ በሚደለደል በጀት ላይ የቆመ ነው።

ርእሰ መስተዳድሩንም የሚሾመው ይኸው ምክር ቤት ነው። በ2007 የመረጥነው ምክር ቤት በኮሮና ምክንያት ምርጫ በመራዘሙ እስከ 2013ቱ ምርጫ ቆየ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ክልሉን ገዱ አንዳርጋቸው፣ አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ እና አገኘሁ ተሻገር በተራ መርተውታል። አምባቸው፣ የእኛው የደቡብ ጎንደር ልጅ፣ በተሾሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰኔ 15 ቀን 2011 ተገደሉ። አራቱም የተሾሙት በአንድ ቀን ምርጫ በመረጥናቸው ሰዎች እጅ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰልፍ ይዘን የመረጥነው ምክር ቤትም በተራው መጀመሪያ ይልቃል ከፋለን፣ በ2015 ደግሞ አረጋ ከበደን ሾሟል። ታዲያ ያ ችላ የምንለው ሁለተኛው ወረቀት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

ወደ ምክር ቤት የመግባት ዕድል ደግሞ ድሮ ለሁሉም ክፍት አልነበረም። በንጉሡ ዘመን ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ ለምክር ቤት ለመወዳደር በሚወዳደሩበት አካባቢ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ባዶ እጁን ያለ ገበሬ ይመርጥ እንደሆነ እንጂ አይመረጥም ነበር። ዛሬ ንብረት አይጠየቅም። ሆኖም እንደዚያ ሽማግሌ ያለ ሰው ምክር ቤት ገብቶ አላየሁም፤ ይህ ያንገበግበኛል። የክልል ምክር ቤት አባል አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሥራ ያለው፣ በዓመት ለጥቂት ጉባኤ የሚጠራ ሰው ነው። ሥራው የሚለካው ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ባለው ጊዜ ነው፤ ቀበሌ ለቀበሌ ዞሮ መስማት፣ የበጀት ሰነዱን ከመጽደቁ በፊት ገጽ በገጽ ማንበብ፣ ተቃውሞ ካለው ቆሞ መናገር፣ ከዚያም መራጩ ፊት ቀርቦ ምን ላይ ድምፅ እንደሰጠ መንገር። እኔ የምመኘው ይህን ነው።

ፍርሃቴንም አልደብቅም። በ2015 ክረምት የክልሉ ምክር ቤት አባል ዮሐንስ ቧያለው እና የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ክርስቲያን ታደለ ሲታሰሩ ብዙ ሰው ምክር ቤት የሚባለውን ነገር ተስፋ ቆርጦበታል። ክልላችን ጦርነት ውስጥ ከገባ ወዲህ ተወካይና መራጭ እንደልብ የሚገናኙበት መንገድ ጠቧል። ልጆች ያሉት ሰው እጩ ሆኖ ከመቅረቡ በፊት ይህን ማሰቡ አይቀርም፤ እኔም አስባለሁ። ነገር ግን ጠያቂ በጠፋበት ቦታ ተወካዩም ብቻውን ነው፤ ተሰብስቦ የሚጠይቀው፣ ሲደፍር ከጎኑ የሚቆም መራጭ ያለው ሰው ደግሞ በምክር ቤት ለመናገር አቅም ያገኛል። ሽማግሌው ለተወካዩ ያሉት «አብረን እናየዋለን» የሚለው ቃል ለእኔ ከጥያቄያቸው ይበልጣል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይላል። በእኛ ሜዳ ግን እስከማውቀው ድረስ ከማንሣት በፊት የሚቀድመው መጠየቅ ገና አልተለመደም። ስለዚህ አንባቢዬ፣ የምትኖረው ፎገራም ይሁን ሊቦ ከምከም፣ ደራም ይሁን ፋርጣ፣ የክልል ምክር ቤት ተወካይህ ማን እንደሆነ ካላወቅህ ዛሬውኑ ጠይቀህ እወቅ። ስታገኘውም ባለፈው ሐምሌ የጸደቀው በጀት ለቀበሌህ ምን እንደያዘ ጠይቀው። እኔም አንድ ቀን ተመርጬ ብመጣ፣ እባክህ ይህንኑ ጠይቀኝ።